ክሎሪን ብቻውን አይበቃም

ሲዋኙ ከበሽታ ስለ መጠበቅ ያነበብኩት ጽሑፍ በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ክሎሪን የተባለው ተሕዋስ ገዳይ ኬሚካል መኖሩን እንደ በቂ ዋስትና ማቅረቡ አንባቢን እንዳያዘናጋ እሰጋለሁ። ክሎሪን አብዛኞቹን ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ውስጥ መግደሉ እውነት ቢሆንም፣ ብርቱ ተቅማጥ የሚያስከትለው ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ግን በአግባቡ በታከመ ውኃ ውስጥ እንኳ ከ7 ቀናት በላይ በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ተቅማጥ የያዘው ሰው፣ በተለይም ሕፃን፣ ወደ ገንዳ አለመግባቱ ከማንኛውም ኬሚካል የሚቀድም መከላከያ ነው፤ በዚህ ተሕዋስ መያዙ የተረጋገጠ ሰው ደግሞ ተቅማጡ ከቆመ በኋላም 2 ሳምንት መታገሥ ይኖርበታል። ብዙዎች የንጽሕና ምልክት አድርገው የሚወስዱት ዓይን የሚያቃጥለው ሽታም የሚመጣው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድ ስለሆነ፣ ከመዋኘት በፊት ገላን መታጠብ እንደ ትርፍ ሥርዓት ሊታይ አይገባም።

ሐይቅና ወንዝን ጽሑፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፉ አሳዝኖኛል። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ጎርፉ ዓይነ ምድርንና ቆሻሻን ጠርጎ ስለሚያስገባ ለጥቂት ቀናት አለመዋኘት ይመረጣል፤ ቢልሃርዚያ በሚገኝበት ውኃ ደግሞ በቀንድ አውጣ ውስጥ የሚራባው ጥገኛ ትል ቆዳን በስቶ ስለሚገባ፣ ውኃውን ላለመዋጥ መጠንቀቅ ብቻውን አያድንም።