ኢ/ር ያልተባለው መሐንዲስ

አልፍሬድ ኢልግ ሲያሳዝን! በ1854 ስዊዘርላንድ ውስጥ ፍራውንፌልድ ተወለደ። ዙሪክ ምህንድስና ተማረ። በ1879 አንኮበር ድረስ መጥቶ ለያኔው የሸዋ ንጉሥ ለምኒልክ መሥራት ጀመረ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ሃያ ምናምን ዓመት ሲለፋ ኖሮ ሕዝቡ የሚጠራው "ሙሴ ኢልግ" እያለ ነው። ሙሴ! ነቢዩን ሳይሆን የፈረንሳዮቹን "ሙስዩ"፣ አቶ እንደ ማለት፤ እንደ ማንኛውም ፈረንጅ ነጋዴ። ስሙ ፊት አንዲት "ኢ/ር" የሚለጥፍለት ሰው ጠፋ።

እኛ ተመስገን ሠልጥነናል። ልጁ ሦስተኛ ዓመት ሳይገባ የፌስቡክ ስሙ ኢንጂነር ሆኖ ያድራል። የሠርግ ካርዱ ላይ ኢ/ር፣ የእድር መዝገቡ ላይ ኢ/ር፤ እናቱም "ኢንጂነሬ፣ ምሳህ ቀዘቀዘ" ትለዋለች። እኛ ሠፈር አንድ አለ። የገዛ ግቢው አጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲደረመስ ጎረቤቱ ሁሉ "አይዞህ ኢንጂነር" እያለ አጽናናው። አጥሩ ወደቀ እንጂ ማዕረጉ ንቅንቅ አላለም።

ምኒልክ ይህ ጨዋነት አልነበራቸውም። ዲፕሎማ ይዞ የመጣውን ሰው መጀመሪያ "እስቲ ጫማ ሥራልኝ" አሉት ይባላል። ሙያዬ አይደለም ቢልም አልቀረለትም፣ ሠራ። ቀጥሎ ጠመንጃ ታዘዘ። ከውጭ ብንገዛ ይሻላል ብሎ ተከራከረ፤ እሱንም ሠራ። አሁን አንድ ኢንጂነር ስብሰባ ላይ ስለ ዘላቂ መሠረተ ልማት ሲያብራራ፣ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው "ለመሆኑ የኔ ልጅ፣ ምን ሠርተሃል?" ቢሉትስ? ሰው እንዲህ በአደባባይ ይዋረዳል? ደግነቱ እኛ ጠይቀን አናውቅም።

ኢልግ አዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ። ከእንጦጦ ውሃ በቧንቧ አውርዶ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ አወጣ። ውሃ ሽቅብ ወጣ ተብሎ አገር ጉድ አለ። ይኼ ምኑ ይደንቃል? የዘንድሮዎቹ ውሃው ከሁለተኛ ፎቅ በላይ እንዳይወጣ አድርገው መገንባት ችለዋል።

ትልቁ ሞኝነቱ ግን ባቡሩ ነው። በ1894 ፈቃድ አገኘ፤ ከፈረንሳዊው ሸፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቋመ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ነው። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተተካ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ሲሆን ኢልግ ደግሞ በ1916 ዙሪክ ሞቷል። አንድ ዓመት! ቀድሞ ካርዱን አሳትሞ ቢሆን እኮ ሐዲዱን መጠበቅ አያስፈልገውም ነበር። የመንግሥት አማካሪ የተባለው እንኳ በ1897 ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ከሠራ በኋላ። እኛ ዘንድ ማዕረግ ይቀድማል። ሥራው ከመጣ መጣ፣ ከቀረም ቀረ።

የሠፈራችን ኢንጂነር አጥሩን ሰሞኑን ሦስተኛ ጊዜ እያስቆመ ነው። ድንጋዩን የሚደረድረው ግንበኛ "መሠረቱ ጠልቆ ካልተቆፈረ አሁንም ይወድቃል" ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።

"አንተ ምን ታውቃለህ!" አለው ኢንጂነሩ።