በአምስት መስመር የተዳኙ ፊልሞች፦ የጽሑፍ ክርክር ከጅማ

ጅማ ፈረንጅ አራዳ የሚሰበሰብ የንባብና የፊልም ክበብ አለን። ከአባላቱ አንዱ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር ወጣት ነው። ስላያቸው ድራማዎችና ዘጋቢ ፊልሞች ከአምስት መስመር የማይበልጥ አስተያየት እየጻፈ ለአባላት ያድላል። ሌላዋ አባል ጎማ ወረዳ ቡና እየሰበሰቡ ለገበያ የሚያቀርቡ እናት ናቸው፤ አጻጻፉን አጥብቀው ተቃወሙ። ሁለቱም በጽሑፍ እንዲከራከሩ ጠየቅናቸው። ክርክሩን ያስነሱት አስተያየቶች እነዚህ ናቸው፤ የፊልሞቹ ዓመት እ.ኤ.አ. ነው።

ሜድ ኢን ኢትዮጵያ (2024፣ ዘጋቢ)። ሺንያን ዩ እና ማክስ ደንካን ዱከም ባለው የቻይናውያን የኢንዱስትሪ ፓርክ ዙሪያ ሦስት ሴቶችን ለዓመታት ተከትለዋል፦ ፓርኩን ከሚመሩት አንዷን ቻይናዊት፣ አንዲት ወጣት የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የመሬቷ ነገር ያልተቋጨላትን ገበሬ። ማንንም ጭራቅ አያደርግም። ይታይ።

ፋያ ዳዪ (2021፣ ዘጋቢ)። የጄሲካ በሽር ሥራ፤ ስለ ሐረርና ስለ ጫት። ጥቁርና ነጭ ምስሉ ልዩ ነው። ነገር ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ በአንድ ስሜት ያቆየናል፤ ከጫቱ ማን እንደሚያተርፍም አይነግረንም። ለታጋሽ ብቻ።

ቁራኛዬ (2019፣ ድራማ)። የሞገስ ታፈሰ ፊልም። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ዳኛ የሚሄዱበትን የጥንት ሥርዓት ይዞ የፍቅር ታሪክ ይነግራል። ይታይ፤ ይደገምም።

ፋይንዲንግ ሳሊ (2020፣ ዘጋቢ)። ታማራ ዳዊት ኢሕአፓን ተቀላቅላ የጠፋች አክስቷን ታሪክ ትፈልጋለች። ከወላጆቻችሁ ጋር እዩት።

ብላክ ጎልድ (2006፣ ዘጋቢ)። ለቡና አገር ሰው ከቆዩት አንዱን ልጨምር። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኑ ታደሰ መስቀላ ለገበሬው የተሻለ ዋጋ ፍለጋ ባሕር ተሻግረው ሲንከራተቱ ያሳያል። አሁንም አልቀዘቀዘም።

ቡና አቅራቢዋ፦

ልጄ፣ ከብላክ ጎልድ ልጀምር፤ እሱ የእኔ ሙያ ነውና። «አሁንም አልቀዘቀዘም» አልክ። ፊልሙ የተቀረጸው ቡና አዲስ አበባ ላይ በጨረታ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008፣ ፊልሙ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ቡናችን ናሙናው ተቀምሶ ደረጃ እየወጣለት ተሸጠ፤ ቆይቶም አቅራቢ ከላኪ ጋር በቀጥታ የሚተሳሰርበት መንገድ ተከፈተ። ይህን የማያውቅ ተማሪ ፊልሙን አይቶ ዛሬም በዚያው መንገድ የምንሸጥ ይመስለዋል። ውሸት አልጻፍክም። ተመልካቹን ግን ያለ መሪ ሰደድከው።

የባሰ ያሳዘነኝ የፋያ ዳዪ ነው። ከጫቱ ማን እንደሚያተርፍ አይነግረንም ብለህ ከሰስከው። ፊልሙ መቼ የገበያ ጥናት ሆነና! ጄሲካ በሽር ሐረር ያደገች፣ ከአገር ወጥታ የተመለሰች፣ ካሜራውን ራሷ ይዛ ለዓመታት የቀረጸች ሴት ናት። የቀረጸችው ሰው ከቃመ በኋላ ያለውን ሰዓት ነው። ምርቃናውን፣ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ድብርት፣ አባቱ የሚቅምበት ልጅ እቤቱ ውስጥ እንዴት እየተሳቀቀ እንደሚኖር ነው የቀረጸችው። ይህን የማያውቅ የጅማ ሰፈር የቱ ነው? የቡና ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት ይተክላል። ቡና በዓመት አንዴ ይለቀማል፤ ጫት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ብሩም ደጋግሞ እጅ ይገባል። ልጅ ሆኜ ጥላቸው ሥር የተጫወትኩባቸው የቡና ማሳዎች ዛሬ ጫት ናቸው። የሚቅም ወንድም አለኝ። ፊልሙን ሳይ ያየሁት የእሱን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ በእውነትም አያልቅም። በአንድ ስሜት ያቆየናል ትላለህ። አዎ፣ ዕድሜውን በዚያ ስሜት የሚያሳልፍ ሰው አለ። አንተ የፊልሙ ድክመት ያልከው ለእኔ ፊልሙ ራሱ ነው።

«ድፍረት» የተባለውን ፊልምም አስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ በሚካሄደው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፤ አገሩ ገባ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሰው ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ ታሪኳ የተሠራባት ሴት ፈቃዴ አልተጠየቀም ብላ ነበርና። ያኔ አምስት መስመር ብትጽፍ «ግሩም ፊልም፣ ይታይ» ትል ነበር። የእሷ አቤቱታ በየትኛው መስመር ይገባ ነበር?

ስለ ቁራኛዬ አልከራከርህም፤ እሱን በትክክል አይተኸዋል።

ሃያሲው፦

እትዬ፣ ረጅም ጽሑፍ የሚያስፈልገው ፊልም እንዳለ አልክድም። ግን ለማን እንደምጽፍ ይመልከቱልኝ። ክበባችን ውስጥ ማታ ከተረኝነት ወጥታ መብራት ካለ ላፕቶፕ የምትከፍት ነርስ አለች። ፍላሽ የሚቀባበሉ ተማሪዎች አሉ። የባጃጅ ሹፌሮች አሉ። የሁለት ሰዓት ፊልም ማውረድ የሳምንት የኢንተርኔት ጥቅላቸውን ይጨርሳል። እነዚህ ሰዎች «ልየው ወይስ ልተወው?» ብለው ሲጠይቁኝ አሥር ገጽ መስጠት ክብር መንፈግ ነው። ጥያቄያቸው አጭር ነው፤ ቁርጥ ያለ መልስ ይገባቸዋል።

ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ይሄኛው ለእኔ ይበልጣል። በአማርኛ ስለ ፊልም የሚጻፈውን ያንብቡ። አብዛኛው ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይተርካል፣ ተዋናዮቹን በየተራ ያመሰግናል፣ መጨረሻ ላይ «በርቱ» ብሎ ይሰናበታል። ፍርዱ የት አለ? ጸሐፊው ፊልሙን ወደደው ወይስ ጠላው? ከሦስት ገጽ በኋላም አይታወቅም። አምስት መስመር ግን መደበቂያ የለውም። «ለታጋሽ ብቻ» ስል ስሜን አስይዤ ነው፤ ይኸው እርስዎም ያዙኝ። ሦስት ገጽ ብጽፍ በየትኛው ዓረፍተ ነገር ይይዙኝ ነበር?

«ድፍረት»ን ማንሳትዎ ለእኔ ይመሰክራል። አንድ መስመር ይበቃው ነበር፦ «የታሪኩ ባለቤት ፈቃዴ አልተጠየቀም ብላለች፤ ከማየታችሁ በፊት ይህን እወቁ።» በረጅም ጽሑፍ ውስጥ ይህ ነገር ከሽልማቱና ከቀረጻው ወሬ ሥር ይቀበር ነበር።

ብላክ ጎልድን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ላይ የአሻሻጡ ሥርዓት ተለውጧል፤ ሙያዎ ነውና ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ አልቀዘቀዘም ያልኩት እርስዎ ወረዳ ጎማ ውስጥ ጮጬ ያለው ገበሬ ለአንድ ኪሎ እሸት ቡና በሚያገኘውና አውሮፓ ውስጥ አንድ ስኒ በሚሸጥበት ዋጋ መካከል ያለውን ርቀት ነው። ያ ጠብቧል ይላሉ?

በፋያ ዳዪ ላይ ግን አልመለስም። የሚያስፈራኝ ውበቱ ነው። ጫት በጥቁርና ነጭ፣ በጭስና በዝግታ ሲታይ ያምራል። ጫቱ ሲታሰርና ሲጫን እናያለን፤ ልጆቹ ለመሰደድ ሲያወሩ እንሰማለን። ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ግን ምስሉ ይሸፍነዋል። የእኔ ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው በርጫ ሊቀመጡ የሚሄዱ ናቸው። ለእነሱ ጫትን እንደ ሕልም የሚያሳይ ፊልም ያለ አንድ የተቃውሞ ቃል እንዴት አሳልፌ እሰጣለሁ?

ቡና አቅራቢዋ፦

ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍክም? «ውበቱ ያስፈራኛል፤ ተማሪዎቼ በርጫ የሚቀመጡ ናቸው» ያልከው ከአምስቱም መስመር ይበልጥብኛል። እሱን አስቀርተህ «ለታጋሽ ብቻ» ብለህ ዘጋኸው። ያ የማን ፍርድ ነው? ጅማ የማያውቅ፣ ጫት በዓይኑ ያላየ ሰውም ሊጽፈው ይችላል። ክርክራችን የመስመር ቁጥር ብቻ ቢሆን እተውህ ነበር። ስታሳጥር መጀመሪያ የምትቆርጠው ፊልሙን ከየት ቆመህ እንዳየኸው ነው፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው እሱን ነው።

ሜድ ኢን ኢትዮጵያንም ላንሳልህ። «ማንንም ጭራቅ አያደርግም» ብለህ አመሰገንክ። ጅማ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ሴት ልጆቻችን እንዲህ ያለ ፋብሪካ ገብተው ይሠራሉ። ስለ እኛ ፓርክ አንዲት ግማሽ መስመር ብትጨምር ኖሮ ያቺ የዱከም ወጣት ሠራተኛ ለክበባችን ልጆች እህት ትሆን ነበር። ካሜራው ለሦስቱም እኩል ማዘኑን አንተ እንደ ፍትሕ ቆጠርከው። መሬቷን ለምትጠብቅ ገበሬ ግን ያ እኩልነት አይበቃትም። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ፊልሙ ለእኔ እንዲያደላ እፈልግ ነበር።

ጊዜ የላቸውም የምትለውንም አልቀበልም። እነዚሁ ሰዎች የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ክፍል በክፍል፣ ወር ከወር ይከታተላሉ። የሚማርካቸው ካገኙ ጊዜ አያጡም።

ሃያሲው፦

ከየት ቆሜ እንዳየሁ ልጻፍ? ብጽፈው ተማሪዎቼ ፊልሙን በእኔ ፍርሃት ያዩታል። ወንድምዎን ያስታወሰዎትን ያንን ረጅም ሰዓት ምናልባት ሳያዩት ያልፋሉ፤ መምህራቸው አስቀድሞ አስፈራርቷቸዋልና። ስለዚህ ከፊልሙ በፊት ፍርዴን ብቻ እሰጣለሁ፤ ምክንያቴን ከፊልሙ በኋላ ፊት ለፊት እናገራለሁ። አምስቱን መስመር አልተውም።

ፋያ ዳዪን ክበቡ ውስጥ አብረን እንድናየው እጠይቃለሁ። ሲያልቅ መጀመሪያ እርስዎ ይናገሩ፤ ስለ ማሳዎቹም፣ ፈቃድዎ ከሆነ ስለ ወንድምዎም። እኔ ቀጥዬ ስለ ገንዘቡ እጠይቃለሁ። ተማሪዎቼን ይዤ እመጣለሁ።

ቡና አቅራቢዋ፦

እመጣለሁ። ስለ ወንድሜም እናገራለሁ። ያንን «ለታጋሽ ብቻ» የሚለውን ወረቀት ግን ተማሪዎችህ ፊልሙን አይተው እስኪጨርሱ ድረስ አታድላቸው።