የኋላ ቀበቶው የማይሠራ መኪና ቦሎ ሊሰጠው አይገባም

ሰሞኑን በድሬዳዋ በተካሄደ አንድ የመንገድ ደህንነት ውይይት ላይ አንዲት እናት ለመድረኩ ያቀረቡት ጥያቄ እጅግ ተገቢ ነበር። በዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ወቅት የኋላ ወንበር የደህንነት ቀበቶዎች ለምን አይፈተሹም፣ ልጆቻችንን የምናስቀምጠው እዚያ አይደለም ወይ ሲሉ ጠየቁ። መልስ የሰጡት የሥራ ኃላፊ ግን ጥያቄውን እንደ ቅንጦት ቆጠሩት። ቦሎ የሚሰጠው ፍሬን፣ መሪ፣ መብራትና ጎማ ታይቶ እንደሆነ፣ የኋላ ቀበቶ የባለንብረቱ የግል ጉዳይ እንደሆነ፣ በከተማ ውስጥ ማንም በፍጥነት ስለማይነዳ ሥጋቱ የተጋነነ እንደሆነ፣ ከዚህም በላይ ለሕፃን ልጅ ከእናቱ እቅፍ የሚሻል መያዣ እንደሌለና እኛም ያደግነው በዚያው መንገድ እንደሆነ ተናግረው ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ። እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም።

ከእቅፉ ልጀምር። የእናት ፍቅር ለክርክር አይቀርብም፤ የእናት ክንድ ግን ጉልበቱ የተወሰነ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና፣ ማለትም ከከዚራ ወደ ሳቢያን ማንኛውም ጨዋ አሽከርካሪ በሚነዳበት ፍጥነት ያለ መኪና፣ ከቆመ ነገር ጋር ተጋጭቶ በአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ከእቅፍ እንዳይወጣ ለመያዝ የሚጠይቀው ኃይል ከ110 ኪሎ በላይ የሆነ ሸክምን ከመሸከም ጋር እኩል ነው። ይህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በአንድ ገጽ ደብተር ላይ የሚሠራው የፊዚክስ ሒሳብ ነው። ባልጠበቀችው ቅጽበት የተወረወረባትን አንድ ኩንታል እህል በሁለት ክንዷ ቀልባ የምታስቀር እናት በድሬዳዋም በሐረርም የለችም። ይህም ስሌት ነገሩን አለዝቦ የሚያይ ነው፤ እናቲቱ ራሷ ቀበቶ ካላሰረች ሰውነቷ በዚያው ቅጽበት ወደ ፊት ሄዶ ያቀፈችውን ልጅ ከፊት ወንበሩ ጀርባ ጋር ያጣብቀዋል። ልጁ የራሱንም የእናቱንም ክብደት ይቀበላል ማለት ነው። በሥራው ምክንያት ይህን ማወቅ ያለበት ሰው መድረክ ላይ ቆሞ እናቶች በእቅፋቸው እንዲተማመኑ መንገሩ ልጅ የሚያስገድል ምክር መስጠት ነው፤ ከዚህ ለስለስ ያለ ቃል ልፈልግለት አልችልም።

በከተማ ውስጥ ማንም አይፈጥንም ለሚለውም ከላይ ያለው ስሌት በቂ መልስ ነው፤ የከተማ ፍጥነት ነውና። ደግሞስ የድሬዳዋ ቤተሰብ ከከተማ አይወጣም? ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ዘመድ ለመጠየቅ ሐረር የሚወጣው ሰው ሁሉ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ልጆቹን ከኋላ ጭኖ ነው የሚያልፈው፤ ከአወዳይ ጫት ጭነው የሚከንፉትን መኪኖችም በዚያው መንገድ ላይ ነው የሚያገኛቸው። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ የሚጓዘው ምእመንስ በምን ፍጥነት የሚነዳ ይመስላቸዋል? «እኛም ያደግነው እንዲሁ ነው» የሚለውን በተመለከተ ደግሞ፣ ይህን ለማለት የሚበቁት ያደጉት ብቻ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ልጆችንና ወጣቶችን ከማንኛውም በሽታ በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ መሆኑን ደጋግሞ አስታውቋል። ለእነርሱ ከመድረኩ የመለሰላቸው የለም።

ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ቀበቶ እንደ ፍሬን ሁሉ የሚያረጅና የሚበላሽ የመኪና ክፍል መሆኑ በዚያ መልስ ውስጥ ጨርሶ አልታሰበም። ለብዙ ሰው ቀበቶ ማለት ጨርቁ ብቻ ነው። ጨርቁን የሚጠቀልለው ሞላ በምሰሶው ወይም በወንበሩ ውስጥ ተደብቋል፤ መኪናው ድንገት ሲቆም ወይም ጨርቁ በኃይል ሲሳብ የሚቆልፈው ጥርስም እዚያው ነው፤ የቀበቶውን የብረት ምላስ የሚይዘው መቆለፊያ ከመቀመጫው ሥር ነው። በበርካታ መኪኖች ላይ ደግሞ ግጭት ሲደርስ በጥቂት ባሩድ ተተኩሶ ቀበቶውን ወደ ሰውነት የሚያጠብቅ መሣሪያ አለ፤ እርሱም አንድ ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ ዳግመኛ ስለማይሠራ መቀየር አለበት። ሞላው ሲደክም ቀበቶው ረግቦ ይቀራል፤ የረገበ ቀበቶ ደግሞ ሰውነትን የሚይዘው ሰውነቱ ወደ ፊት ከተወረወረ በኋላ ነው። ጥርሱ በአቧራ ሲያዝ አይቆልፍም። መቆለፊያው ውስጥ ሳንቲም፣ የብስኩት ፍርፋሪ ወይም ከረሜላ ሲገባበት ምላሱ የገባ መስሎ ሳይያዝ ይቀራል፤ ልጆች ባሉበት መኪና ይህ የማይቀር ነው። የድሬዳዋ ፀሐይና አቧራ ለእነዚህ ክፍሎች ምን ያህል ጠላት እንደሆኑ ለዚህ ከተማ ነዋሪ መንገር አያስፈልግም።

ፀሐይ ቀበቶን ያበላሻል ስል እንደ ግምት የሚቆጥረው ካለ የ1995ን (እ.ኤ.አ.) ታሪክ ይመልከት። በዚያ ዓመት ታካታ የተባለው የጃፓን አምራች በሠራቸው ቀበቶዎች ምክንያት አሜሪካ ውስጥ ከ8 ሚሊዮን በላይ መኪኖች ለጥገና እንዲመለሱ ተጠርተዋል። ችግሩ ቀይዋ የመልቀቂያ ቁልፍ ነበረች። የተሠራችበት ፕላስቲክ በፀሐይ ጨረር እየደረቀ ተሰባበረ፤ ስብርባሪው ወደ ውስጥ ወድቆ መቆለፊያውን ስላሰናከለው ቀበቶው አልቆለፍ አለ፣ ወይም የቆለፈ መስሎ ተፈታ። መኪኖቹ ያን ጊዜ የጥቂት ዓመታት ዕድሜ ብቻ ነበራቸው። እኛ ዘንድ ከእነርሱ እጅግ የሚበልጥ ዕድሜ ያላቸው መኪኖች ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመው ይውላሉ።

ስለ ኋላ ወንበር ብቻ ይነገረን ለሚልም ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. ቶዮታ 2.9 ሚሊዮን ገደማ ራቭ ፎርና ቫንጋርድ መኪኖችን ከመላው ዓለም ለጥገና ጠርቷል፤ ምክንያቱም በከባድ የፊት ለፊት ግጭት ጊዜ የኋላ መቀመጫው የብረት ክፈፍ የኋላ ቀበቶውን ሊቆርጠው ስለሚችል ነው። መፍትሔው ብረቱን በፕላስቲክ መሸፈኛ መከለል ብቻ ነበር። ራቭ ፎር ደግሞ በአገራችን ቤተሰብ ያለው ሰው አጥብቆ የሚመኘው መኪና ነው። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲወጣ ደብዳቤው የሚደርሰው መኪናው በተመዘገበበት አገር ላለው ባለቤት ነው፤ መኪናው ባሕር ተሻግሮ በጅቡቲ በኩል ከገባ በኋላ ግን ማን ደብዳቤ ይጽፍለታል? ድሬዳዋ ላይ ሦስተኛ ባለቤቱ እጅ የገባ መኪና ይህ ጥገና ተደርጎለት እንደሆነ በሻንሲ ቁጥሩ የሚያጣራ ሰው አላጋጠመኝም። ገዢው ሞተሩን ያስነሳል፣ ቀለሙን ይዳብሳል፣ ከዚያም ፎደራ ያለብሳል፤ የኋላ መቆለፊያዎቹ በዚያው ፎደራ ሥር ይቀበራሉ፣ ልጆቹም በላያቸው ይቀመጣሉ። ተጋጭቶ የተሠራ መኪና ሲሆን ነገሩ የከፋ ነው፤ ላሜራውና ቀለሙ እንደ አዲስ ይሆናል፣ በግጭቱ የተለጠጠው ቀበቶ ግን ባለበት ይቆያል።

ይህ ሁሉ ወደፊት የሚባባስ እንጂ የሚሻሻል አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ኤክሳይስ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። የውሳኔዎቹን ጥሩነትና መጥፎነት እዚህ አልከራከርበትም። ውጤታቸው ግን ግልጽ ነው፤ ሌላ መኪና ለመግዛት አቅም የሌለው ቤተሰብ ያለውን መኪና እያሠራ ለብዙ ዓመታት ይይዛል። ሞተሩ ይታደሳል፣ ጎማው ይቀየራል፤ ቀበቶውን ግን ሕግ ካላስገደደው ማንም አይቀይረውም። በዚህ ከተማ ከሚንቀሳቀሱት የቤት መኪኖች ሁሉም የኋላ ቀበቶዎቻቸው በትክክል የሚሠሩት ከግማሽ በታች ናቸው ብዬ አምናለሁ። የሚጠራጠረኝ ኃላፊ ካለ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በታይዋን ገበያ አካባቢ የቆሙትን መኪኖች በር እያስከፈተ የኋላ ቀበቶዎቹን ይሳባቸው።

የባለንብረቱ የግል ጉዳይ ነው የሚለው አባባልም ለአንድ ደቂቃ እንኳ አይቆምም። ፍሬኑም ጎማውም የባለንብረቱ ናቸው፤ መንግሥት ግን ሰው ስለሚሞትባቸው ይፈትሻቸዋል። ከኋላ የተቀመጠችው የአምስት ዓመት ልጅ መኪናውን አልመረጠችም፣ ቀበቶው መያዙንም ልታረጋግጥ አትችልም። በራሷ ልትጠይቅ የማትችል ተሳፋሪ ስላለች ነው እኮ ምርመራ የሚያስፈልገው! ትራፊክ ፖሊስም ቢሆን መኪና ሲያስቆም ዓይኑ የሚያርፈው በሾፌሩና በጋቢና ተሳፋሪው ደረት ላይ ነው፤ ከኋላ ሦስት ልጆች ቆመው በመስኮት ቢያዩትም ሰላምታ ሰጥቷቸው ያልፋል።

የሕፃናት መቀመጫ ውድ መሆኑንና እንደ ልብ እንደማይገኝ አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እነዚህ መቀመጫዎች በጨቅላ ሕፃናት ላይ የሚደርስን ሞት እስከ 71 በመቶ ሊቀንሱ ይችላሉ፤ ልጆችም ቢያንስ እስከ 10 ዓመታቸው ወይም ቁመታቸው 135 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ድረስ ለአካላቸው የሚመጥን መያዣ እንዲጠቀሙ ይመክራል፤ የአዋቂ ቀበቶ በትንሽ ልጅ አንገትና ሆድ ላይ ስለሚያልፍ ራሱ ሊጎዳ ይችላልና። ለዚህ ቀረጥ ማንሳት የሚገባው አካል ቀረጥ ያንሳ። ነገር ግን ያ መቀመጫ ቢገዛም አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰረው በዚያው በመኪናው ቀበቶ ነው። ቀበቶው የማይቆልፍ ከሆነ ውዱ መቀመጫ ከነልጁ ይወረወራል። እኔም የጠየቅሁት መኪናው ሲሠራ አብሮት የመጣው፣ ዋጋው አስቀድሞ የተከፈለበት ቀበቶ እንዲሠራ ብቻ ነው።

ለዚህም አዲስ ማሽን መግዛት፣ የውጭ ባለሙያ መጋበዝ ወይም ጥናት እስኪጠናቀቅ መጠበቅ አያስፈልግም። መርማሪው የኋላውን በር ይክፈት፤ ፎደራው የሸፈነውን መቆለፊያ ባለቤቱ እንዲያወጣ ያድርግ፤ ጨርቁን እስከ መጨረሻው ስቦ መቆረጥና መላላጥ እንዳለበት ይመልከት፤ ምላሱን አስገብቶ በኃይል ይሳበው፤ ለቆትም በራሱ የሚጠቀለል መሆኑን ይይ። ለአንድ ቀበቶ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከቀበቶዎቹ አንዱ እንኳ ካልያዘ መኪናው ፍሬኑ እንደማይሠራ መኪና ይቆጠር፣ ተጠግኖ እስኪመለስም ቦሎ አይሰጠው። ጥያቄውን ላቀረቡት እናት የድሬዳዋም ሆነ የሐረሪ ክልል የትራንስፖርት ኃላፊዎች እስካሁን ተገቢውን መልስ አልሰጡም፤ የምርመራ ቅጹ ላይ «የኋላ ቀበቶዎች» የሚል መስመር መቼ እንደሚጨምሩ ቀኑን ቆርጠው በይፋ ይንገሯቸው።