ቪክቶሪያ ሜሞሪያልን ማን ለማን ሰጠ?

ሰሞኑን አንድ የጉዞ ቪዲዮ የሚሠራ ልጅ ኮልካታ፣ ቪክቶሪያ ሜሞሪያል ፊት ቆሞ «እንግሊዞች ዘርፈው ብቻ አልሄዱም፤ ይሄን የመሰለ ሕንፃ ለህንዶች ሰጥተዋል» ሲል ሰማሁት። ከሥሩ ደግሞ «ምነው እኛንም በገዙን» የሚሉ ተደርድረዋል። ደሜ ፈላ።

ሰጡ? ከየት አምጥተው? የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1901 ስትሞት መታሰቢያ ይሠራላት ያለው የህንድ እንደራሴዋ ሎርድ ከርዘን ነው። ከ10 ሚሊዮን ሩፒ በላይ የሆነውን ወጪ የሸፈነው ግን ከህንድ መሳፍንትና ከሕዝቡ የተሰበሰበ መዋጮ ነው። እብነ በረዱ የመጣው የታጅ ማሃል ድንጋይ ከወጣበት ከማክራና፣ ከራጃስታን ነው። የገነባውም እዚያው ኮልካታ የነበረ ተቋራጭ ነው። ንድፉን ያወጣው ዊልያም ኤመርሰን እንግሊዛዊ ነው፣ እሺ። ሌላውስ?

«መዋጮው በፈቃደኝነት ነበር» የሚል አይጠፋም። የምን ፈቃደኝነት! ዙፋኑ በእንግሊዝ ይሁንታ የቆመ ማሃራጃ፣ የእንግሊዝ ሹም አጠገቡ ተቀምጦ እያየው «አልሰጥም» ሊል ነው? «በፈቃድህ» ተብሎ ከደሞዙ የተቆረጠበት ሰው ይሄ አይጠፋውም። ደግሞ ጊዜውን እዩት። በ1899 እና በ1900 ረሃብ ሕዝቡን ጨርሶት፣ ገና እንባው ሳይደርቅ ነው ለሞተች ንግሥት አዋጡ የተባለው። ያ ገንዘብ ስንት ጎተራ ይሞላ ነበር! እሷ ደግሞ በሕይወቷ ህንድን ረግጣ አታውቅም።

ሕንፃው አያምርም አላልኩም። ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ያምራል። ውስጡ ባለው ሙዚየም ያሉት የእንግሊዛውያኑ ሠዓሊዎች የቶማስና የዊልያም ዳንኤል ሥዕሎች ብቻቸውን መንገዱን ያስኬዳሉ። ግን ውበቱ የማክራና ድንጋይና የህንድ ሠራተኛ እጅ ውበት ነው። ለገዢው ምን ብዬ ላመስግን?

«እኛንም በገዙን» ለምትሉት ደግሞ፣ በዚህችው ንግሥት ዘመን፣ በ1868፣ መቅደላ የዘመተው ጦር የተነሣው ከቦምቤይ ነው። የመቅደላን ቅርስ ዘርፎ፣ ልዑል ዓለማየሁን በልጅነቱ ይዞ ሄደ። አፅሙ ዛሬም ዊንዘር ነው ያለው። ይመለስልን ሲባል በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እምቢ አለ። ከእነዚህ ሰዎች ነው ስጦታ የምትመኙት?

ልጁ ቪዲዮውን ያርመው። «ሰጥተዋል» የሚለውን ያውጣና «አስከፍለው አሠርተዋል» ይበል።