ውዳሴ ሽርሽር

ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በዚያው ሰሞን ሰማይ ይከፈታል። ሁለቱን አጣጥሞ «በሉ ልጆቹን ወሎ ወስደን እናናፍሳቸው» የሚል ወላጅ ሊመሰገን ይገባል። ጥቅምት ሲገባ ደሴ ጉሟን ገልጣ የጦሳን ተራራ ታሳያለች፤ የሐይቅ ውሃም ሰማይ መስሎ ይተኛል። በዚያን ጊዜ ግን ልጆቹ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስለ ኢትዮጵያ ሐይቆች ይማራሉ። ሐይቁን በዓይን ማየት ያለባቸው ነሐሴ ላይ፣ አሥር ሜትር ርቆ የቆመ ሰው በማይታይበት ሰዓት ነው።

ባሕር የለንም እያለ የሚያላዝን ሰውም ከዚህ ወላጅ ይማር። ድሮ ባሕር ያማረው ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ ይወርድ ነበር። አሁን ያ ሁሉ ድካም ቀርቷል። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ሐይቅ የምትባል ከተማ አለች፤ አጠገቧ ያለው ሐይቅም ስሙ ሐይቅ ነው። አያቶቻችን ስም ለማውጣት ብዙ አልተጨነቁም። የዘንድሮ ተጓዥ ግን አዝኖላቸው «ቢች» ብሎ ዳግም አጥምቆታል።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ለአራት ቀን መንገድ አንድ ማዳበሪያ ዳቦ ቆሎ ይዘጋጃል፤ ልጆቹ መንገድ ላይ ቺፕስ እንደሚገዛላቸው ስለሚያውቁ አይነኩትም። ለእያንዳንዱ ልጅ የዋና ልብስ ይገዛል፤ የዝናብ ልብስ የሚያስታውስ የለም። ከሁሉ በላይ ግን ያ ትልቁ፣ በአየር የሚነፋው የፕላስቲክ ዳክዬ አለ። ከመርካቶ ተነፍቶ ስለመጣ፣ ቢተነፍስ ደግሞ የሚነፋው ፓምፕ ስለሌለ፣ እንደተነፋ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ሁለት ሰው የሚይዘውን ቦታ ይዞ ይጓዛል። ዳክዬው ወንበር ስለያዘ ሻንጣዎቹ ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣሉ። እዚያ ላይ አንድ ጥበብ አለ፤ ሸራው ከላይ መልበስ ሲገባው ከሥር ይነጠፋል። ዝናቡ ከላይ ይገባል፣ ሸራው ደግሞ ውሃው እንዳይወጣ ከሥር ያቁረዋል፤ ደሴ ሲደረስ ሻንጣዎቹ ራሳቸው ሐይቅ ሆነዋል። ጣሪያ ላይ የወጣው ክብደት ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መኪናውን እንደሚያዘነብለው ሾፌሩ ቢናገርም ሰሚ የለውም፤ ሾፌር ሁልጊዜ ያማርራል።

የመነሻው ሰዓት ከሌሊቱ 10 ነው ተብሎ ይታወጃል። ልጆቹ 9 ሰዓት ላይ ተቀስቅሰው፣ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስረው ሶፋ ላይ ይደረደራሉ። መኪናው የሚነሳው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ይህ መዘግየት የሚመስለው ላላወቀ ሰው ነው። ሌሊት የተነሳ ሰው ቀትር ሳይሆን ጣርማ በርን አልፎ በቀን ብርሃን ደሴ ይገባል፤ 3 ሰዓት የተነሳ ግን የከሰዓቱን ዝናብ ጣርማ በር ላይ፣ ጨለማውን ደግሞ ሐረጎ ላይ ያገኛል። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወጣውን ያን ጥምዝምዝ ዳገት በጭለማና በጉም የማየት ዕድል ለሁሉም አይሰጥም።

ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ አለ። እዚህ ላይ የቤተሰቡ የሕክምና ዕውቀት ይታያል። ከአንድ ሰዓት በኋላ መኪናው ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጣርማ በር ዋሻ ተነስቶ፣ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 1,300 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ስለዚህ ልጁ ቅቤ የጠጣ ጥብስ ፍርፍር፣ በላዩ ላይ ወተት፣ በወተቱ ላይ ለስላሳ ይሰጠዋል። ከዚያም «እንዳይረብሽ» ስልክ ተሰጥቶት የኋላ ወንበር ላይ፣ ዳክዬው ሥር ይቀመጣል። የልጁ ዓይን የማይንቀሳቀስ ስልክ እያየ «ቆመናል» ይላል፤ የውስጥ ጆሮው ደግሞ እያንዳንዱን ኩርባ እየቆጠረ «እየዞርን ነው» ይላል። አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ፍርዱን ለሆድ ያስተላልፋል። ከፊት አስቀምጦ ርቆ ያለውን ተራራ ማሳየት፣ መስኮት ገርበብ ማድረግ፣ ደረቅ ዳቦ ትንሽ ትንሽ ማብላት ይህን ይከላከል ነበር። ግን የፊቱ ወንበር የአባት ነው፤ መስኮቱ ደግሞ «ብርድ ይገባል»።

በዚህ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ መቆጠብ የሚወዱ አባቶችም አሉ፤ ሾፌሩን «ፎሌ አድርገው፣ ራሱ ይወርዳል» የሚሉ። እውነት ነው፣ ራሱ ይወርዳል። ማርሽ ያልያዘው መኪና ክብደቱ ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል፤ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ እግር ቢረግጠውም የማይይዝበት ጊዜ ይመጣል። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው ማድረግና ፍሬኑን አለፍ አለፍ እያሉ መንካት የድሮ የካሚዮን ሾፌሮች ልማድ ነው። እነሱ ግን ለሽርሽር አልነበረም የሚወጡት።

ልጁ በመሀል ጣርማ በር ላይ እንደ ኳስ ተነፍቶ ያየው የቺፕስ ከረጢት ሮቢት ሲደርስ ለምን እንደኮሰሰ፣ ጫፍ ላይ ጠጥቶ የከደነው የውሃ ፕላስቲክ ለምን እንደተጨማደደ ይጠይቃል። ከፍታ ሲቀንስ የአየር ግፊት እንደሚጨምር ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ክፍል በሀገሩ የለም። «አርፈህ ብላ» ይባላል። እውቀት መስከረም ላይ ይደረሳል፤ ክፍያውም ተፈጽሟል።

ሮቢት ላይ ሙቀቱ ያፍናል፤ ልጆቹ ግን ለደሴ ብርድ የተዘጋጀውን ሹራብ ከነኮፍያው እንደለበሱ ናቸው፤ ቀለል ያለው ልብስ ሸራው ላይ ይዋኛል። አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ በእንቅልፍ ያልፋሉ።

ደሴ የሚገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው። አክስት የምትነገረው ኮምቦልቻ ላይ ተደርሶ ነው። «እቴቴ፣ ሐረጎን ልንወጣ ነው፤ ምንም እንዳትቸገሪ፣ አሥራ አንድ ብቻ ነን።» የወሎ ሰው እንግዳን እንቢ ማለት አያውቅበትም፤ ተጓዡም ይህን አሳምሮ ያውቅበታል። «አብሽሩ፣ ቤት የእግዜር ነው» ትላለች አክስት፤ ስልኩን ዘግታ ግን ወደ ጎረቤት ፍራሽ ፍለጋ ትሮጣለች። ፍልሰታ ከሆነ የጾም ወጡ ለብቻ ይሠራል፤ ከፍልሰታ በፊት ከሆነ ደግሞ ወሎ ነውና አንዱ ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም ስላለ ለየብቻው ይታረዳል። አስተናጋጆቹ ልጆች አልጋቸውን ለቀው ሳሎን ምንጣፍ ላይ ይደረደራሉ። ይህ ሁሉ «ምንም እንዳትቸገሪ» በሚለው ቃል ውስጥ ተካቷል።

በማግሥቱ የሐይቅ ቀን ነው። ልጆቹ 12 ሰዓት ላይ የዋና ልብሳቸውን ከሱሪያቸው ሥር ለብሰው ተዘጋጅተዋል። ቡናው ግን ገና እየተቆላ ነው። አቦል ሳይጠጣ አይወጣም፤ ቶና ሳይጠጣ ነውር ነው፤ በረካ ሳይጠጣ በረከቱ ይቀራል። ከዚያ ሌላው ዘመድ ቤት አለ፤ እዚያም አቦል ከመጀመሪያው ይጀመራል። «አባዬ፣ ባሕሩ መቼ ነው?» ለሚል ልጅ መልሱ «ሲኒው ሳይታጠብ አይጠየቅም» ነው። አርባ ደቂቃ የማይፈጀው መንገድ በዚህ አኳኋን እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ይደርሳል፤ በነሐሴ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቀጠሮ ያከብራል።

ውሃው ዳር ሲደረስ መጀመሪያ የሚሠራው ፎቶ ነው። ዳክዬው ይወርዳል። ልጆቹ ይራቆታሉ፣ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል፣ «ሳቁ!» ይባላሉ። አንዱ ዓይኑን ከጨፈነ እንደገና፣ እናት ነጠላዋ ካልተስተካከለ እንደገና፣ ጀርባ ላይ ላም ከገባች እንደገና ይነሳል። ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ፎቶው ላይ ዝናቡ አይታይም፤ የዘመኑ ስልክ ሰማዩን ሰማያዊ ያደርገዋል።

ከዚያ «በሉ ግቡ»። የዚህ ሐይቅ ጠርዝ ገር መስሎ ይጀምራል፤ ወደ ውስጥ ግን ጥልቀቱ አንዳንድ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ጉልበት ላይ የነበረ ውሃ ጥቂት እርምጃ ሳይርቅ አንገት ሊደርስ ይችላል። ዳክዬው ቀላል ነው፤ ነፋስ ከኋላ ከመጣ ልጁን ይዞ ወደ መሀል ይነዳል፤ መመለሻ መቅዘፊያ የለውም። የጎማ ካላማዳርያም እንደዚያው ነው። ወገቡ ላይ ገመድ የታሰረለት፣ ወይም አንድ ዋናተኛ አዋቂ ክንዱ በሚደርስበት ርቀት የቆመለት ልጅ አይሰጋም ነበር። አዋቂዎቹ ግን ፎቶውን እየመረጡ ናቸው፤ ፎቶ በጊዜው ካልተለቀቀ ይበርዳል።

ሌላም አለ፤ ብልሃርዚያ። በሐይቁ አካባቢ የታወቀ በሽታ ነው። ትሏን የሚያሳድጋት ቀንድ አውጣ ደግሞ ልጆች የሚንቦጫረቁበትን ያንኑ ሣር የበዛበትን የተረጋጋ ዳርቻ ይወዳል። ትሏ በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳ ትገባለች። ዳርቻው ላይ ባይቆዩ፣ ከውሃ እንደወጡ ቶሎ በደረቅ ፎጣ ቢታሹ ይረዳ ይሆናል፤ ዋስትና ግን አይደለም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ልጁን ማስመርመር፣ ከተገኘበትም በሐኪም ትእዛዝ ፕራዚኳንቴል መስጠት ነው። ወላጅ ግን ፎጣውን የረሳው ሆን ብሎ ሳይሆን አይቀርም፤ ልጁን ነፋስ ያደርቀዋል፣ ቺፕስም በእጁ ነው።

ምሳው ዓሣ ነው። ፍልሰታ ከሆነ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ከደሴ ጀምሮ መኪናው ውስጥ ሲካሄድ ቆይቶ፣ ጥብሱ ሲሸት ወዲያው ይፈታል። አሥራ አንድ ሰው ሙሉ ቆሮሶ በአንድ ጊዜ ሲያዝ አንድ ሰዓት ይቆያል። ልጆቹ እሾሁን ፈርተው ዳቦውን በአዋዜ ይበላሉ። ዳቦ ቆሎው ግን ማዳበሪያው ውስጥ እንደተከበረ ነው።

አባት በዚህ መሀል ሐይቅ እስጢፋኖስን ሊሳለም ይነሳል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ በ1280ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ወንጌል የሚገኝበት ገዳም ነው። ሴት አትገባም። ስለዚህ እናት ከአምስት ልጆች ጋር ውጭ ዝናብ ላይ ትቆማለች፤ አባት ደግሞ ወጥቶ «በጣም የሚያረጋጋ ቦታ ነው» ይላታል።

ከመነሳት በፊት የውሃ ፕላስቲኩ፣ የቺፕሱ ከረጢት፣ የሕፃኑ ዳይፐር ዳርቻው ላይ ይቀራል። በዚህ ማንም አይከፋ። ሐይቁ ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚገባለት ወንዝ ቢኖረውም መውጫ ወንዝ የለውም። የተሰጠውን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል፤ የዛሬ ዓመት የመጣ ቤተሰብ የራሱን ዳይፐር መልሶ ያገኘዋል። እንደዚህ የታመነ ዕቃ ጠባቂ የትም የለም።

በሦስተኛው ቀን ላሊበላ ነው። ከደሴ በወልድያና በጋሸና 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ግን በሁለት ሰዓት ያልቃሉ፤ ለየአንዳንዱ አሥር ደቂቃ ያህል ይደርሰዋል፤ ጫማ ማውለቂያውን ጨምሮ። የረጠበ ካልሲ ይዞ አሥራ አንድ ጊዜ ጫማ የሚያጠልቅ የስድስት ዓመት ልጅ የቅዱስ ላሊበላን ትዕግሥት በእግሩ ይማራል። አሸንድዬ ነሐሴ 16 ላይ ይጀምራል፤ ላስታ በሴት ልጆች ዘፈንና ጭፈራ ትሞላለች፤ ሕፃን ልጅ በዕድሜው የማይረሳው ነገር ነው። ቤተሰቡ ነሐሴ 14 ወጥቶ ሄዷል። ግርግር ይጠላል።

ሲመለሱ ሻንጣ ለመውሰድ ደሴ አምስት ደቂቃ ይቆማሉ። አክስት ማር በጄሪካን፣ ቅቤ በቅል፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ አውጥታ ትሰጣለች፤ አልወስድም የሚል እንግዳ እስካሁን አልተወለደም። ጤፉ ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል፣ አሁንም ሸራው ከሥር።

በዚያ ሰሞን አልጋቸውን ለቀው ምንጣፍ ላይ የተኙት የአክስት ሁለት ልጆች ሐይቅን አይተውት አያውቁም። ከቤታቸው 30 ኪሎ ሜትር ነው። በሐይቁ ቀን ጠዋት እነሱም ተጣጥበው፣ ጫማቸውን ወልውለው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ሾፌሩ እንኳ ቆጥሯቸዋል። ግን የኋላው ወንበር ላይ ዳክዬው ነበር።