ለክቡር «ባክአፑ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቅቋል» የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቁጥር፦ ዜሮ ኤክስ ዜሮ
ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

የፋይሎቻችን መጠባበቂያ ቅጂ (ባክአፕ) መያዙን በየጠዋቱ የሚያበስሩን የኢሜይል መልእክት ነዎትና፣ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ትጋትዎ ምስጋናችን ይድረስዎ። መብራት ሄዶ በመጣ ማግስት፣ ኔትወርክ ተቋርጦ በዋለበት ቀን፣ በበዓል ሳይቀር፣ ከቢሮው ሰው ሁሉ ቀድመው ገብተው «ጨርሻለሁ» የሚሉ እርስዎ ብቻ ነዎት። በአራት ወር ውስጥ አንድ ቀን አልቀሩም፣ አንድ ቀን አልታመሙም።

ሐምሌ 1 ጠዋት የሂሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር አልነሳም አለ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ አለና ዝም። ማንም አልደነገጠም፤ እርስዎ አሉ። የሰኔ መዝጊያው፣ የደመወዝ መክፈያው፣ ኦዲተሩ የሚጠይቃቸው ቫውቸሮች ስካን፣ ሁሉም ናሱ ላይ ነው ተባለ። (ናስ ስሙ ብቻ ነው፤ ሁለት ዲስክ የያዘ፣ ከኔትወርኩ ጋር የተያያዘ የፋይል ማስቀመጫ የፕላስቲክ ሳጥን ነው።) ሥራ አስኪያጁ፣ ገንዘብ ያዧ፣ ሻይ ይዛ የመጣችው ልጅ ሳትቀር ስክሪኑ ፊት ቆሙ። ፎልደሩ ተከፈተ። ውስጡ አንድ ፋይል ብቻ፦ ዴስክቶፕ ዶት አይኤንአይ። መጠኑ 1 ኪሎባይት። የፎልደር መልክ የሚያዝ ፋይል እንጂ ሂሳብ እንዳልሆነ ለገንዘብ ያዧ ሊያስረዳ የሞከረ ሰው ነበር። ባይሞክር ይሻለው ነበር።

ምርመራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የቅጂው ትዕዛዝ «ወደ ዜድ ድራይቭ ገልብጥ» ይላል። ዜድ ግን እንደ ኤፍ ፍላሽ የተሰካ ነገር አይደለም፤ አንድ ሰው በስሙ ሲገባ ለእሱ ብቻ የሚታይ የኔትወርክ መንገድ ቅጽል ስም ነው። ከአራት ወር በፊት ሥራው ሰው ባይገባም ሌሊት እንዲሄድ ተብሎ የዊንዶውስ የራሱ በሆነው በሲስተም አካውንት ሥር ተደረገ። ለሲስተም ዜድ የሚባል ነገር የለም። ሮቦኮፒ የተባለው የዊንዶውስ ፋይል ገልባጭ በየሌሊቱ ተነሳ፣ መንገዱን አጣ፣ 16 ቁጥርን መልሶ ወጣ። 16 ማለት «ምንም አልገለበጥኩም» ማለት ነው። ሎጉ ላይም በየቀኑ ጽፎታል። ትዕዛዞቹ በተራ የተጻፉበት የባች ፋይሉ የመጨረሻ መስመር ግን እርስዎን በኢሜይል የሚልክ መስመር ነበር። ኢሜይሉ ደህና ስለሄደ ሥራዎችን በሰዓታቸው የሚያስነሳው ታስክ ስኬጁለር የመጨረሻዋን መስመር ውጤት ዜሮ ኤክስ ዜሮ፣ ማለትም «ተሳክቷል»፣ ብሎ መዘገበ። ስለዚህ የተሳካው እርስዎን መላክ ነው፤ በዚህ አልዋሹም።

ስማ! አዎ፣ አንተ ብያለሁ። አልሠራም ብትል ኖሮ ማን ይቆጣህ ነበር? ዝም ብትልም እኮ አንድ ሰው «ምነው ጠፋ?» ብሎ ይፈልግህ ነበር። መብራት እንኳ ሲሄድ ይጨልማል፤ አንተ ጨልመህ በራሁ ትላለህ። በየሳምንቱ ዓርብ በፍላሽ ይገለብጥ የነበረው ሠራተኛ ያቆመው በአንተ ምክንያት ነው። «ባክአፕ አለ» ተብሎ ፍላሹን ፎርማት አድርጎ ለልጁ ሰጠው። አሁን ላይ የሰኔ መዝጊያችን መኖር በነበረበት ቦታ ያለው ካርቱን ነው።

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። ወደ እርስዎ እንመለስ።

የተስተካከለው እንዲህ ነው። ዜድ ተሰርዞ ሙሉው መንገድ ተጻፈ፦ ሁለት ወደኋላ ያዘመመ ስላሽ፣ የናሱ ስም፣ ከዚያ የፎልደሩ ስም። ለባክአፕ ብቻ የሚሆን አካውንት ናሱ ላይ ተከፈተ፤ የሰው አካውንት ሲሆን ሰውየው የይለፍ ቃል የቀየረ ቀን ሥራው ይቆማልና። ከሮቦኮፒ ቀጥሎ ደግሞ ውጤቱን የሚያነብ መስመር ገባ፦ ከ0 እስከ 7 ደህና፣ 8 እና ከዚያ በላይ ውድቀት። 1 ሲያይ የሚደነግጥ አለ፤ 1 ማለት ፋይል ተገለበጠ ማለት ነው። እርስዎ ከእንግዲህ የሚላኩት ከዚያች መስመር ካለፉ ነው።

የቆየ ቂማችንንም በዚሁ እናንሳ።

ባክአፑ ሌሊት 8 ሰዓት ይጀምር ተብሎ የታስክ ስኬጁለር መስኮት ላይ 8 የሞላ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አለ። ማሽኑ የእኛን ሰዓት አያውቅም፤ ሌሊት 8 ለእሱ 2 ነው። ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ሰው ሁሉ ፋይሉን ከፍቶ ሥራ ሲጀምር። የተከፈተ ፋይል ደግሞ ስህተት 32 ብሎ አይገለበጥም። ሮቦኮፒም አርፎ አይተወው፤ ካልተነገረው በቀር አንዱን ፋይል በየ30 ሴኮንዱ 1,000,000 ጊዜ ይሞክራል። ማባዛት ለሚወድ፦ 347 ቀን ገደማ። ለአንድ ፋይል! ከዓመት 18 ቀን ጎደል ማለት ነው፤ ቀበሌም እንዲህ አላመላለሰን። የሙከራውን ብዛት «አር»ን 2፣ የመጠበቂያውን ሴኮንድ «ደብሊው»ን 5 ማድረግ በቂ ነው፤ የሂሳብ ዳታቤዙ ግን ፕሮግራሙ ተዘግቶ ወይም ፋይሉ ተከፍቶም ሳለ ቅጽበታዊ ቅጂ በሚይዘው በሻዶው ኮፒ ነው መያዝ ያለበት።

መድረሻውን የምንጩ መስታወት የሚያደርገው «ሚር» የተባለው የሮቦኮፒ ትዕዛዝ ምንጩ ባዶ ሲሆን መድረሻውንም ባዶ ያደርጋል። ይህ ታዛዥነት ነው ወይስ ክፋት?

ዊንዶውስ 11 ፕሮ 24ኤች2 ወደተባለው እትም ሲሻሻል ያለ ይለፍ ቃል የሚገባ እንግዳ በራሱ ጊዜ ታገደ። በእንግዳ ተቀባይነት ለሚታወቅ ሕዝብ ይህ ነውር ነው፤ መፍትሔው ግን ናሱ ላይ የይለፍ ቃል ያለው አካውንት መክፈት እንጂ አንዳንዱ ሰው እንደሚመክረው አሮጌውን የፋይል መጋሪያ ቋንቋ ኤስኤምቢ 1ን መቀስቀስ አይደለም።

የማክ ወንድምዎ ታይም ማሽን ቢያንስ ጨዋ ነው፤ ሲያጠፋ ያስታውቃል። «ባክአፕዎን መረመርኩ፣ ለአስተማማኝነቱ ሲባል አዲስ ልጀምር» ይላል። የሁለት ዓመት ታሪክ በትሕትና ተሰናበተ። ኔትወርክ ላይ የሚያስቀምጠው ፋይሎቹን እንዳሉ አይደለም፤ በብዙ ትንንሽ ቁራጭ የተከፋፈለ አንድ የዲስክ ምስል ነው። እየጻፈ ሳለ ላፕቶፑ ከተከደነ ወይም ዋይፋዩ ከተቆረጠ ምስሉ ሊበላሽ ይችላል። የመጀመሪያው ቅጂ በኬብል፣ ቻርጀር ተሰክቶ፣ ክዳኑ ሳይነካ ይለቅ። የቦታ ገደብ ካልተደረገለትም ያገኘውን ዲስክ ሞልቶ ዊንዶውሶቹን ያስርባል።

ሊኑክሱ ደግሞ ናሱ ሳይያያዝ ባዶው ፎልደር ውስጥ ይጽፍና የራሱን ዲስክ ይሞላል። የሊኑክሱ ፋይል ገልባጭ አርሲንክ ከመነሳቱ በፊት «ማውንትፖይንት» በሚለው ትዕዛዝ መንገዱን መጠየቅ አንድ መስመር ናት። አንድ መስመር!

ስለ ፋይል ስም ብንጽፍ ወረቀት አይበቃንም። ሊኑክስ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል ይለያል፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ከዚያ ጣጣ ተረፍን ስንል «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» ሁለት ፎልደር ሆነው ይጠብቁናል፣ ግማሹ ደመወዝ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ። ዊንዶውስ ለአንድ ስም 255 ፊደል ይፈቅዳል። ሊኑክስ ላይ የቆመው ናስ ግን የሚቆጥረው ባይት ነው፦ 255 ባይት። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ 85 ላይ ያልቃል። «የሦስተኛ ሩብ ዓመት የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት» ብሎ ጀምሮ «የተሻሻለ፣ የመጨረሻ፣ የመጨረሻው መጨረሻ» ለሚል መሥሪያ ቤት 85 ፊደል መግቢያም አይሆንም። ማኩ ላይ ያለው ደግሞ «ደመወዝ 30/10/2017» ብሎ ይሰይማል። ማክ ስላሹን ይቀበለዋል፤ ከሥር ግን ሁለት ነጥብ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። ዊንዶውስ ሁለቱንም አይወድም። ስሙ ወይ ተቆርጦ ይወጣል ወይ የማይነበብ ምልክት ይለብሳል። በሰረዝ «2017-10-30» ተብሎ ቢጻፍ ማንም አይጣላም፤ በቀን ተራም ይሰለፋል።

ኬብል፦ ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል። አንዱ በደንብ ካልተቆነጠጠ መስመሩ ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል፣ በአንድ ሰዓት ከሩብ የሚያልቀው 500 ጊጋባይትም 12 ሰዓት ይፈጃል። እርስዎም ሥራ ሰዓት ላይ ይደርሳሉ።

ሁለተኛ ዲስክ ይገዛ ተብሎ ከተጠየቀ ስንት ጊዜው ነው? ሦስተኛው ፕሮፎርማ እየተጠበቀ ነው።

በመጨረሻም፣ ከዚህ ወር ጀምሮ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ሦስት ፋይሎች፣ አንድ ከዊንዶውስ፣ አንድ ከማክ፣ አንድ ከሊኑክስ፣ ከናሱ ወደ ሌላ ማሽን ተመልሰው ይከፈታሉ። የሚከፍታቸው ገንዘብ ያዧ ናት። የእርስዎ ቃል በዕለቱ አይደመጥም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ አልተገኘም