ይድረስ ለክቡር የግራፊክስ ካርዴ ፋን፣ ባሉበት

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ጩኸት በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህችን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካለችው ጠባብ ስቱዲዮዬ ሆኜ ነው። እርስዎም፣ የኮምፒውተሬን ምስል የሚያቀናብረውን ካርድ ያቀዘቅዙ የነበሩት ማራገቢያ፣ ሩቅ አይደሉም። መሳቢያው ውስጥ ከማይሰሩ ፍላሾችና ጥርሳቸው ካለቀ ብሎኖች ጋር ተጋድመዋል።

በቅድሚያ ቅዳሜ ዕለት ስለሰጡኝ አገልግሎት ላመስግን።

የሙሽራዋ እናት የልጃቸውን የሰርግ ቪዲዮ ሊረከቡ መጡ። ብቻቸውን አልመጡም፤ ለእንዲህ ያለ ነገር ማን ብቻውን ይመጣል? ሁለት እህቶቻቸውን፣ ወንድማቸውን፣ ስልክ ከእጁ የማይወርድ አንድ ጎረምሳም አስከትለዋል። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ በሩም መስኮቱም ተዘግቷል። ሁሉም ባለ ሦስት እግር በርጩማቸው ላይ ተደርድረው ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። መጨረሻው ላይ ትንሽ ማስተካከያ ቀርቶኝ ስለነበር "ቡና እየጠጣችሁ ሬንደር አድርጌ፣ ማለት አንድ ፋይል አድርጌ አውጥቼ፣ እሰጣችኋለሁ" አልኳቸው። ጀበናው እየተንተከተከ ነው። ሁሉ ነገር አማን ነው።

ልክ እናትየው ራሳቸው እስክስታ የሚወርዱበት ቦታ ሲደርስ እርስዎ ጀመሩ። መጀመሪያ ቅርር። ከዚያ ጢርርርር። "ኢልማ ኮ (ልጄ)፣ ጎረቤታችሁ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ?" አሉኝ እናትየው። እኔም እንደ መሳቅ አልኩ። ከዚያ እርስዎ ፀጥ አሉ፤ ከጩኸትዎ ይልቅ ዝምታዎ ነው ያስደነገጠኝ። የሙቀቱ ቁጥር ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። የኔ ካርድ 83 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቀነሰ። ቪዲዮው መንተባተብ ጀመረ፤ የእናትየው ትከሻ ወደ ላይ እንደወጣ እዚያው ቀረ፣ አፋቸውም እንደተከፈተ። አንደኛዋ እህታቸው በሳቅ ፍርስ አለች። እናትየው ግን አልሳቁም። ከዚያ ስክሪኑ ጨለመ።

መብራት እንኳን ያን ቀን አልሄደም። በየቀኑ የሚሄደው መብራት፣ ቢሄድልኝ ምክንያት ይሆነኝ የነበረው መብራት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቦግ ብሎ ዋለ።

ኮምፒውተሩን አስነስቼ የጎን ክዳኑን ስከፍት ወንድምየው አጎንብሰው አዩና "ግሎ ነው እኮ፣ አራግቡለት!" ብለው አዘዙ። ታናሽ እህታቸው ከሰሉ አጠገብ የነበረችውን የሰንደዶ ማራገቢያ አንስተው መጡ። ክቡር ሆይ፣ የሚያናድደው ምን መሰለዎት? ሰራ! ቁጥሩ ወረደ። ሴትየዋ ባራገቡ ቁጥር ሬንደሩ ይሄዳል፣ ክንዳቸው ሲዝል ይንቀራፈፋል። እህትማማቾቹ ተራ ገቡ። ወንድምየው "ከግራ በኩል! ኧረ ወደ ታች!" እያሉ አመራር ሰጡ። እኔ ባለሙያው፣ ደጄ ላይ "ዘመናዊ የቪዲዮ ቅንብር" የሚል ባነር የሰቀልኩት ሰውዬ፣ የእናትየውን ቡና ይዤ ቆሜ ተራቸው እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ጎረምሳው ሁሉንም ቀረጸ። ማታውኑ ቲክቶክ ላይ ወጣ፦ "ጅማ ላይ በሰው ጉልበት የሚሰራ ሰው ሰራሽ አስተውሎት"። የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ሲያዩኝ በእጃቸው እያራገቡ ያልፋሉ።

ስማ። አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃን።

አንተ ማነህ? ቺፑ ደህና ነው። ሜሞሪው ደህና ነው። 2019 ላይ የወጣ 1660 የሚባል ካርድ ነው፣ አሁንም ስራውን አንጀት በሚያርስ ሁኔታ ይሰራል። የሞትከው አንተ ብቻ ነህ። መዳፍ የምታህል ፕላስቲክ፣ በ12 ቮልት የምትዞር፣ መሀልህ ላይ ኩሽኔታ እንኳን የሌለህ ተራ ቡሽ! ዘይትህ ደረቀ፣ የበጋው አቧራ ገባብህ፣ በቃ። ያንን ሁሉ ብር የሚያወጣ ካርድ ላይ አንተን የገጠመህ ሰውዬ ኩሽኔታ ያለውን ለማስገባት ምን ያህል ይጨምርበት ነበር? የስፌት ማሽን ዘይት ጠብ አድርጌልህ ነበር፤ ለጥቂት ቀን አመሰገንከኝ፣ ከዚያ ወደ አመልህ ተመለስክ።

ስላንተ ያልሄድኩበት የለም። አንዱ ጋ ስወስድህ ገና ድምፅህን ሳይሰማ "ፎርማት እናድርገው" አለኝ። ሌላኛው ደግሞ "አዲስ ካርድ ሲቀዘቅዝ ፋኑ አይዞርም፣ ጤነኛ ነው" ብሎ ሊያስተምረኝ ሞከረ። እውነቱን ነው፣ ብዙ ካርድ ላይ ሳይግል ፋኑ ይቆማል። ግን ወንድሜ፣ እዚያው ጠረጴዛህ ላይ እንቁላል የሚጠብስ ሙቀት እያየህ?

እዚሁ ጅማ መርካቶ ያሉት ሱቆች ደግሞ መልሳቸውን ተማክረው የያዙት ነው የሚመስለው። "ፋን ብቻ? ፋን ብቻ አይመጣም። ካርዱን ቀይረው።" ካርዱን ቀይረው! ኩሽኔታው ያለቀበት ባጃጅ ገደል ይጨመራል እንዴ? መጀመሪያ የሚሞተው ፋኑ እንደሆነ ሻጩም ያውቃል፣ ጠጋኙም ያውቃል፣ አስመጪውም ያውቃል። ግን ማንም አያመጣውም፤ ትርፉ ካርዱ ላይ ነዋ። ደህና ካርድ ስንት ቤት አልጋ ስር ተጥሎ ይሆን፣ በአንድ ፋን ምክንያት? ይሄን ሳስብ በእውነት ደሜ ይፈላል።

አዲስ አበባ ያለው ሻጭ ግን "አለ" አለኝ። እሰይ! ብሩን በቴሌብር ላኩ። 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ተጉዞ የመጣው ፋን ሁለት ሽቦ ያለው ነው። ያንተ አራት ነው፤ ሁለቱ ለኃይል፣ አንዱ ስንት ዙር እንደምትዞር ለካርዱ የሚያወራ፣ አንዱ ደግሞ ከካርዱ ትዕዛዝ የሚቀበል። ሻጩ "ቁረጥና አገናኘው" አለኝ በሙሉ ልብ። ችግሩ እሱ የጠየቀኝ የካርዱን ስም ብቻ ነበር። 1660 የሚባል ካርድ ግን በየአምራቹ ፋኑ ይለያያል። መታየት ያለበት ከጀርባህ የተለጠፈው ስቲከር ላይ ያለው ቁጥር ነው፣ ከዚያ ስፋትህ፣ የሦስቱ ብሎን ቀዳዳዎች ርቀትና የሽቦህ ብዛት። ይሄን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንስቼ፣ በማስመሪያ ለክቼ እንደገና ላኩ። ሁለተኛው ክፍያ በራሴ ነው፣ እንዳታስበው።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ያ ቅዳሜ፣ ሴቶቹ እያራገቡ እያለ፣ ትክክለኛው ተተኪህ እዚሁ ጅማ ነበር። ዕቃ የሚረከቡበት ቢሮ ውስጥ፣ ካርቶን ውስጥ፣ ከስቱዲዮዬ በባጃጅ ቅርብ የሆነ ቦታ ተቀምጧል። ላኪው ስሜ ላይ አንድ ፊደል አሳስቶ ጽፏል። መታወቂያዬና ወረቀቱ አልተገጣጠሙም። ያው ታውቁታላችሁ፦ "ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ።" ቀበሌ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ደብዳቤው ሲገኝ ማህተም የያዘችው ልጅ ምሳ ወጥታለች። ማህተሙ ሲመታ ዕቃ ቤቱ ሲስተም የለም። ሲስተሙ ሲመጣ ደግሞ ፎርሙ "የዕቃው ዓይነት" ይላል፤ "ፋን" ብዬ ብጽፍ ሰራተኛው ካርቶኑን በሁለት ጣቱ አንስቶ "ይሄ? ይሄን ለመውሰድ ነው ይሄ ሁሉ?" አለኝ። አዎ ጌታዬ። ይሄን ለመውሰድ ነው ይሄ ሁሉ።

ሰኞ ዕለት ወሰድኩት። ስራው ራሱ? የማሽኑን ሶኬት ነቀልኩ፣ ካርዱን አወጣሁ፣ በትንሿ ካቻቢቴ የሽፋኑን ብሎኖች ፈታሁ፣ ያንተን ሦስት ብሎን ፈታሁ፣ ሽቦህን በቀስታ ሳብኩ፣ አዲሱን ገጠምኩ። የኔ ካርድ ላይ ሙቀት የሚያስወጣውን አልሙኒየም ማንሳት ስለማያስፈልግ ከሥሩ ያለውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ፔስቱን) እንኳን አልነካሁትም። አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠራረግኩ። ቡናው ሳይፈላ አለቀ። አሁን ካርዱ ከባድ ስራ ላይም ሆኖ 70 አይሞላም፤ ድምፁን ለመስማት ጆሮህን ማስጠጋት አለብህ።

የእናትየውን እስክስታም ከነትከሻው አስረክቤያለሁ።

ከሰላምታ ጋር (ማለት ካለብኝ)

ግልባጭ፦ ካርዱ ላይ ለቀረኸው ሁለተኛው ፋን። ከሟቹ ጋር አብራችሁ ነው የተገጠማችሁት፣ ቡሽህም ያው ነው። ትናንት ማታ ትንሽ ቅርር ስትል ሰምቼሃለሁ። መለዋወጫህ ዛሬ ጠዋት ታዟል፤ ስሜንም ፊደል በፊደል ጽፌ በቴክስት ልኬላቸዋለሁ።